አሥራ አንድ የሙከራ ፎቶዎች

ፎቶ አንሺው ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ ሲያነሳ ኖሮ፣ የገዛ ሚስቱ ፊት የሚታይበት አንድ ደህና ፎቶ አልነበረውም። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ማለት ይሄ ነው። የራሳቸው ሠርግስ ቢሉ፣ ሁለት ምስክር ይዘው ማዘጋጃ ቤት ፈርመው ነው የተመለሱት፤ ካሜራው የዚያን ቀን ሥራ ነበረበት። ስትሞት ለቀብሯ የተገኘው የመታወቂያዋ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እሱም ሃያ ዓመት ያለፈው፣ ማኅተም ግማሽ አገጯን የበላው። ቢያሳድጉት ፈዘዘና የማትታወቅ ሴት መሰለች። ለቀስተኛው "ፎቶ አንሺ ተብዬ!" ብሎ በሆዱ ሳይታዘበው አልቀረም። እሱም ራሱን ታዝቧል።

አንድ ተስፋ ግን ቀርቶት ነበር። ሚስቱ ረዳቱም ነበረች። ሙሽሮች ከመምጣታቸው በፊት ሙሽራዋ በምትቆምበት ቦታ እሷ ነጭ ወረቀት ይዛ ትቆማለች፣ እሱ ብርሃኑን ይለካባታል፤ አንድ ሁለቴ ያነሳትና ከሥራ በኋላ የእሷን ሁሉ ያጠፋዋል። ለሰው ፎቶ ቦታ ይበቃ ብሎ ነዋ! የመጨረሻው ሠርግ ጊዜ ግን፣ ለደንበኞቹ የእነሱን ገልብጦ ከሰጠ በኋላ የሙከራዎቹን ሳያጠፋ እሷ አልጋ ያዘች። ሦስት ሳምንት አልቆየችም። ከዚያ ወዲህ ካሜራውን የነካው የለም። ስምንት ወር ሆነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጨከነና ፎቶዎቹ ያሉበትን የካሜራውን ካርድ አውጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። ኮምፒውተሩ ማንበብ አልቻልኩም፣ ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀው። ፎርማት ማለት ጠራርጎ ማጥፋት መሆኑን የማያውቅ ፎቶ አንሺ የለም፤ ጣቱ ግን ከልማድ ብዛት "አዎ" ወደሚለው ሄዳ ነበር፣ እግዜር መለሳት። ካርዱን አወጣው፣ እፍ አለበት፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ በጎኑ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ላይ ወደ ታች አደረጋት። ያው ነው። ካሜራው ውስጥ ቢመልሰው ደግሞ ካሜራው ጭራሽ "ካርድ የለም" አለው።

"ኧረ አለ!" ብሎ ጮኸበት። ድምፁን ሲሰማ ራሱ ደነገጠ፤ ቤቱ ውስጥ ሰው ከተናገረ ሦስት ቀን አልፎት ነበር።

ካርዱን ይዞ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኟ ሄደ። ሱቋ ደረጃ ሥር ነው፤ ሁለት ወንበር ከገባ ሦስተኛው ደጅ ያድራል። አፏ ስለታም የሆነች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ መነጽሯን የምትፈልግ ሴት ናት።

"ፎርማት ብለውታል፣ አባባ?"

"አላልኩም።"

"ሁሉም አላልኩም ነው የሚለው። በኋላ ሲጠፋ እኔን ነው የሚረግሙት።"

"ልጄ፣ እዚያ ውስጥ ያለችው ሚስቴ ናት።"

ሴትየዋ መነጽሯን አወረደች። ከዚያ በኋላ አልቀለደችም። የካርዱን ቢጫ የብረት ጥርሶች በላጲስ ቀስ አድርጋ ፈተገች፣ ሌላ ገመድ ሞከረች፣ ሌላ የካርድ ማንበቢያ ሞከረች። በሦስተኛው ማንበቢያ ላይ ኮምፒውተሩ ካርዱ መኖሩን አመነ።

"ፎቶዎቹ ያሉ ይመስለኛል" አለች። "የትኛው የት እንዳለ የሚናገረው ዝርዝር ነው የተበላሸው። ካርዱ ላይ ምንም ሳንጽፍበት አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን። ሁለት ሰዓት ይፈጃል፤ ሄደው ይምጡ።"

"የት እሄዳለሁ?" አለ።

እሷም ወንበር አስጠጋችለት።

መጀመሪያ ስክሪኑ ላይ ሙሽሮቹ መጡ። ሲስቁ፣ ሲተቃቀፉ፣ የሰው አክስት የሰው አጎት ሲሳሳም አየ፤ የሌላ ሰው ደስታ ጅረቱ አያልቅም። ከዚያ መካከል ድንገት ቡናማው ሹራቧ ብቅ አለ። ጣቶቿን ለየ፣ ጫማዋን ለየ። ፊቷ ላይ ግን ነጭ ወረቀት ነበር። ሁለተኛው መጣ፤ ወረቀት። በአትክልቱ ቦታ፣ በደረጃው ላይ፣ በአዳራሹ በር፤ የትም ብትቆም ወረቀት።

ሰውየው ያን ጊዜ ገባው። የሙሽራ ብርሃን የሚለካው በፊቷ ልክ ነው። "ከፍ አድርጊው! ፊትሽ ላይ!" እያለ ሠላሳ አንድ ዓመት የጮኸው ማን ሆነና! ዓይኑ ወረቀቱ ላይ እንጂ ከወረቀቱ ኋላ ያለችው ላይ አርፎ አያውቅም። አሥረኛውም እንደዚያው ሲሆን፣ ሴትየዋ ፊቱን እንዳታይ ወደ በሩ ዞረ።

"አንድ ቀርቷል" አለች። "እሱ ግን አልዳነም፣ ከግማሽ በታች ግራጫ ብቻ ነው። ልሰርዘው?"

ዞሮ አየ። በዳነው ግማሽ የአዳራሹ መጋረጃ አለ፣ ፀጉሯ አለ፣ ግንባሯ፣ ሁለት ዓይኖቿ። ክንዷ ዝሎ ወረቀቱን አውርዳው ኖሯል። ዓይኖቿ ጎድጉደው፣ ከሥራቸው ጠቁሮ፣ ካሜራውን ሳይሆን እሱን ያያሉ። ይጨርስልኝና ልቀመጥ የሚሉ ዓይኖች ናቸው፤ መንገደኛ እንኳ ቢያያት ወንበር ያቀርብላት ነበር።

"ልሰርዘው ወይ፣ አባባ?"

"እንዳትነኪው!"

እጁን ወደ ስክሪኑ ዘረጋና ሳይነካው መለሰው።

"ታማ ነበር እኮ" አለ። "ያን ቀንም ታማ ነበር። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ ከፍ አድርጊው እላታለሁ።"