የእትዬ ሳሙና ቂም

በሰፈራችን የሚያውቃት ሁሉ እትዬ ሳሙና ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ልጆች ናቸው። ትልልቆቹም ቀስ በቀስ ተከተሏቸው፤ እሷም በዚያ ስም ስትጠራ አቤት ትላለች። በአንድ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ልብስ ተኳሽ ነበረች። እኔ እዚያው ቁልፍ እተክልና የተተረተረ ጠርዝ እሰፋ ስለነበር፣ ከአንድ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ነው ያረጀነው።

በክፍሉ እንፋሎት መስኮቱ ሁሌ እንዳላበው ነበር። የሌሎቻችን እጅ በበረኪና ተሰነጣጥቆ፣ ክረምት ሲመጣ ጣታችንን ማጠፍ ያቅተን ነበር። የእሷ እጅ ግን እንደ አዲስ አንሶላ ልስልስ ያለ ነው። ወጣቶቹ ሠራተኞች ይከቧትና ምን እንደምትቀባ ይጠይቋታል። ቫዝሊን ስትላቸው የደበቀቻቸው ይመስላቸዋል። አልደበቀችም። ገላዋን የምትታጠበው ለብ ባለ ውሃ ነው፤ በሚያቃጥል አይደለም። ሳሙና የምታስነካው ብብቷንና እግሯን፣ ላብ የሚጠራቀምበትን ብቻ ነው። ለሌላው ገላ ውሃ ይበቃዋል ትላለች። ሴትነቷን ከላይ ከላይ በንጹህ ውሃ ብቻ፣ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠባለች፤ ሽቶም ሆነ ሳሙና ወደ ውስጥ አታስጠጋም። ፎጣውን አታሽበትም፣ ጫን ጫን እያደረገች ታደርቃለች። የእግር ጣቶቿን መሃል ለመሃል አንድ በአንድ ታብሳለች። ቫዝሊኑንም ቆዳዋ ገና እርጥብ ሳለ ነው የምትቀባው። ጥርሷን ስትቦርሽ ምላሷን አትዘልም። የውስጥ ልብሷ ጥጥ ብቻ ነው፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ደመና ቢሆንም ጃንጥላ ትይዛለች። የቱንም ያህል ቢደክማት ፊቷን ሳትታጠብ አትተኛም። አንዷ ቆዳ የሚያነጣ ቅባት ገዝታ ስትመጣ ደግሞ ያቺ ዝምተኛ ሴት ትቆጣለች፤ ብልቃጡን ቀምታ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ትመልስላታለች።

እንዴት እንደምትታጠብ ሁሉም ጠይቋታል። ለምን እንደሆነ ግን የጠየቃት የለም። እኔ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ አንሶላ እያጠፍን።

ገና ልጅ እግር ሳለች አንድ ሰዓት ጠጋኝ አግብታ ነበር። ሰውየውን ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት፤ አብረው ነበር የሚኖሩት። የቤቱ ቁልፍ ሁሉ የእህትየዋ ወገብ ላይ ነው የሚንጠለጠለው፣ የጓዳውም የቁም ሳጥኑም። ሙሽራዋ ከገባች በኋላ ባልየው ግማሹን ቁልፍ ተቀብሎ ለሚስቱ ሰጣት።

ከዚያ አንድ ቀን እንግዶች ተቀምጠው ሳለ ሙሽራዋ ሻይ ይዛ ገባች። እህትየዋ ብድግ አለች፤ ቀስ ብላ ሄዳ መስኮቱን ከፈተችና ተመልሳ ተቀመጠች። በማግስቱም እንደዚያው። በሌላ ቀንም ሙሽራዋ ስትገባ መስኮቱ ይከፈታል። በኋላ እህትየዋ ወንድሟን ኮሪደር ላይ አስቁማ፣ ኩሽና ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጥሩ ልጅ ናት፤ ግን አይሸትህም?" አለችው።

ከዚያ ወዲያ እንግዳው ሁሉ አጠገቧ ሲቀመጥ ትንሽ ፈቀቅ ማለት ጀመረ። ልጅቷ በልብስ ሳሙና ገላዋን መፈተግ ያዘች፤ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። አልበቃትም። ባልዲው ውስጥ በረኪና ጠብ አደረገችበት። ቆዳዋ ተላጠ፣ ብብቷ ቆሰለ፣ ቁስሉ ደግሞ በእውነት መሽተት ጀመረ። ባልየው አልጋውን ወደ ሱቁ ጓዳ አወጣ። ትንሽ ቆይቶም ልብሷን በሻንጣ አስይዞ ወደ እናቷ ቤት መለሳት።

እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ በሩን ዘግታ፣ ቁስሏን ደህና አድርጋ አይታ፣ ከእግር እስከ ራሷ መረመረቻትና፣ "የኔ እህት፣ አንቺ ሽታ የለብሽም፤ ያለብሽ ሳሙና ነው" አለቻት። አሁን የምታዘወትረውን ያን ሁሉ ነገር ያስተማረቻት ያቺ ነርስ ናት።

ቆዳዋ ዳነ። ሌላው አልዳነም። አውቶቡስ ስትሳፈር ሁልጊዜ ጥግ ትይዛለች። ሰው ሲያወራት አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ትላለች። ደህና ደህና ሰዎች ለትዳር ጠይቀዋት ነበር፣ አንዱም የሆቴሉ አናጢ ነው፤ ለሁሉም አንገቷን ደፍታ እምቢ አለች። እህትየዋ ላይ ግን ጥርሷን ነክሳ ቀረች። ካውያውን አንሶላው ላይ ገፋ እያደረገች፣ "አንድ ቀን በገዛ አፏ ታወጣዋለች። ሰው ፊት" ትለኝ ነበር። ከእሷ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነበር።

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ እህትየዋ ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረና አልጋ ያዘች። ልጇ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፣ ቤት አይውልም። ምራቷ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ሽታ ያጥወለውላታል፣ አማቷን ልታጥብ ገብታ እየሮጠች ትወጣለች አሉ። እትዬ ሳሙና ወሬውን ስትሰማ ዳቦ እየቆረጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠችና የት እንደሚኖሩ ጠየቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለታችን ሄድን። እኔ ፎጣውን ያዝኩላት፣ እሷ ሳፋውን። ምራትየዋ የድሮ ጎረቤት ነን ስንላት እንባዋ መጣ። "ተባረኩ፣ እማማ፤ እኔማ አቅቶኝ ነበር" አለች።

በሽተኛዋ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኝታለች። የክፍሉ ሽታ በእውነት የሚከብድ ነበር። እትዬ ሳሙና አልጋው ጋ አልሄደችም፤ ቀጥ ብላ ሄዳ መስኮቱን ከፈተች። ከዚያ ዞር ብላ ቆመች። እህትየዋ ቀና ብላ አየቻት፣ መስኮቱን አየች፣ እንደገና እሷን አየች። እኔ ፎጣ ማጠፍ ያዝኩ፤ የታጠፈ ነበር።

አጠባዋ ግን አጠባ ነበር። ውሃውን በክንዷ ለካች። ፊቷን ያለ ሳሙና፣ ከዚያ አንገቷን፣ ከዚያ ክንዶቿን፣ ያልታጠበውን ገላ በአንሶላ እየሸፈነች ወረደች። ከጡቷ ሥር አደረቀች። ጎኗን አዙራ ወገቧ ላይ የቀላውን ቦታ አየች፤ አላሸችውም፤ ጎን ለጎን ትራስ ደገፈችላት፣ ተረከዟም አልጋውን እንዳይነካ ከባቷ ሥር ፎጣ ጠቅልላ አኖረች። በየቀኑ ተመላለሰች። መቅላቱ ለቀቀ። ቤቱ ጽድት አለ። ጠያቂው ሁሉ እትዬ ሳሙናን መረቀ፤ እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል አሉ። እህትየዋ ብቻ አላመሰገነችም። እየታጠበች ጣሪያውን ነበር የምታየው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ "ለምን ነው የምትመጪው?" አለቻት። እትዬ ሳሙና፣ "ቀና ይበሉ፣ ጀርባዎ ቀርቷል" ብላ አለፈችው።

ሰዓት ጠጋኙም እየመጣ ሳሎን ይቀመጣል። ሁለተኛ ሚስቱ ሞታበታለች። ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ ፀጉሩን በውሃ ያስተኛል፤ ለእኔ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ "ዛሬም ያው ናት እኮ፤ ዕድሜ ምንም አልነካት" ይለኛል። ለእትዬ ሳሙና ብነግራት ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ልቧ ያለው እህትየዋ ዘንድ ነው።

አንድ እሁድ የሩቅ ዘመዶች ሊጠይቁ መጡ፤ ምሳ ተዘጋጀ። እህትየዋ ተሽከርካሪ ወንበር ተገዝቶላታል። ሳሎን ወጥታ ከሰው ጋር ልትበላ ጓጉታለች፤ ኩሩ ሴት ናት፣ ሰማያዊ ቀሚሷ ተተኩሶ ወንበሩ ላይ ተሰቅሏል። ሌሊቱን አንሶላዋ ረጥቦ አድሯል። እትዬ ሳሙና ውሃውን አሙቃ አቀረበች፣ ፎጣውን ዘረጋች፣ ከዚያ እጇን አጣጥፋ ቁጭ አለች።

"ውሃው እኮ ይቀዘቅዛል" አለች እህትየዋ።

"ይቀዝቅዝ።"

ሳሎን ውስጥ ወንበር ሲጎተት፣ አንዱ ጮክ ብሎ ሲስቅ ይሰማል።

"ምን አድርጊ ነው የምትይኝ?"

"ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ የዚያን ጊዜውን ይናገራሉ። እሸት ነበር ወይስ አልሸትም ነበር?"

"ስንት ዘመን ያለፈ ነገር አሁን አምጥተሽ..."

"ያለፈው ለእርስዎ ነው።"

"እምቢ ብልስ?"

"እንደዚሁ ይወጣሉ። ወንበሩን እኔው ነኝ የምገፋው።"

አንጀቷ ሲጨክን ያየሁት ያን ቀን ነው። አልፈረድኩባትም። እህትየዋ በሩን አየች፤ አንሶላውን ወደ አገጯ ሳብ አደረገችና ፊቷን ከአንሶላው ሸሸት አደረገች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ "እጠቢኝ" አለች።

እንደዚያ ቀን ተጠንቅቃ አጥባት አታውቅም። ውሃውን መልሳ አሞቀችው። ፀጉሯን ከጫፉ ጀምራ ወደ ሥሩ እየወጣች አበጠረችው፣ እንዳይነቀል። ጥፍሯን ሞረደች። ከንፈሯን ቫዝሊን አስነካችው። እህትየዋ ሳሎን ስትገባ ዘመዶቹ አንቺ ምንሽ ታሟል ብለው ቀለዱ።

ሾርባው ተበልቶ ሲያልቅ፣ እትዬ ሳሙና ከጠረጴዛው ማዶ ዓይኗን ተከለችባት። እህትየዋ ማንኪያዋን አስቀመጠች። አንድ የምናገረው አለኝ አለች። ይቺ ሴት የወንድሜ ሚስት ሳለች ትሸታለች ብዬ አስወራሁባት፤ ምንም ሽታ አልነበረባትም፤ ቁልፌን ስለወሰደችብኝ ነው፤ ውሸት ነበር አለች። ድምጿ ቀጭን ነበር፣ ግን ሁሉም ሰምቷል። አንዲት የአክስት ልጅ ከንፈሯን መጠጠች። ሌላው ዳቦውን ፈረፈረ።

ከዘመዶቹ ጋር የተቀመጠው ሰዓት ጠጋኙ፣ ነገሩን ሊያቀልል መሰለኝ፣ ሳቅ ብሎ፣ "እኔም እኮ አንድ ቀን እንኳ ምንም አልሸተተኝም ነበር" አለ።

ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል አሁን ተነግሯል። እትዬ ሳሙና ግን እህትየዋን ጨርሶ ረሳቻት። ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

"አልሸተተህም?"

"በጭራሽ። እንዲያውም ፀጉርሽ ደስ ይለኝ ነበር።"

"አልጋህን ለምን አወጣህ ታዲያ?"

"እሷ አለችኛ። ያሳደገችኝ እሷ፤ የኔ አፍንጫ ነው የታመመው ብዬ ነዋ።"

ሁለት ሰዎች ሳቁ፤ ብቻቸውን መሆናቸውን ሲያዩ ተዉት። እትዬ ሳሙና የቀረላትን ዳቦ በልታ ጨረሰች። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ፣ "እሷስ እያወቀች ነው ያደረገችው፤ እሱ ግን የገዛ አፍንጫ ነበረው" አለችኝ።

በማግስቱ ጠዋት በሱቁ በኩል አለፍን። መዝጊያውን ገና መክፈቱ ነበር። ሲያያት ደስ ብሎት ከመቀመጫው ተነሳ፣ ማጉያ መነጽሩን ከዓይኑ ላይ አነሳ፣ ፀጉሩን በእጁ አስተካከለ።

"ኮትህን ልበስና ና" አለችው።

ምን መስሎት እንደተከተለን እንጃ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ አየሩ ሲያወራ ነበር። በሽተኛዋ ክፍል ስንደርስ ሳፋውን አልጋው እግርጌ አስቀመጠችና በርጩማውን ገፋ አደረገችለት።

"እግሯንና እጇን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ነህ የምታጥበው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሱቅህ ሳይከፈት። ገላዋን እኔ አጥባለሁ፤ ከዚያ አላልፍም። ካልመጣህ እኔም እቀራለሁ፤ ለምን እንደቀረሁም ለትላንቶቹ ዘመዶችህ እነግራቸዋለሁ።"

እህትየዋ ከአልጋው ቀና ልትል ሞከረች። "ኧረ እሱ ምን ያውቃል፣ እጁ ሻካራ ነው" አለች።

"የትንኝ እግር የምታክል ብሎን የሚያነሳ እጅ ነው። ይለምዳል" አለቻት።

እሱ አንዴ እህቱን፣ አንዴ እሷን እያየ ቆመ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ እጅጌውን ጠቀለለ። ሌሊቱን ሙሉ እግሯ ላይ ያደረውን የሱፍ ካልሲ ሲስበው ትንፋሹን ዋጠ፤ ጉንጩ ተነፋ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ፊቱንም ወደ ትከሻው አዞረ።

እትዬ ሳሙና ከጎኑ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጠጋ ብላ ነው የተቀመጠችው።

"በአፍንጫህ ተንፍስ" አለችው።

ተነፈሰ።

"ይሸታል?"

ሰውየው ቀና ብሎ እህቱን አያት። እህቱ በትራሷ ላይ ሆና ታየዋለች።

"አዎ" አለ ቀስ ብሎ።

"ጎሽ። አሁን እጠባት፤ ስትጨርስ ጣቶቿን መሃል ለመሃል አድርቅ።"