የቀጠሮ ዋዜማ በጠበቃ ይልማ ግቢ

ስልኩን ዘግቼ መልሼ ደወልኩ። የጠበቃ ይልማ ልጅ ያንኑ ደገመልኝ፦ አባቱ ዛሬ ጠዋት አሶሳ ላይ ዐርፏል። ሁለተኛም ጊዜ አላመንኩትም። ይህን የምጽፍላችሁ ለመንገድ ከመነሣቴ በፊት ነው።

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችሁ ይልማን የምታውቁት በሽምግልና ዕድሜው ነው። እኔ ያወቅሁት ክልሉ ገና ሲቋቋም፣ ፍርድ ቤቱ ከትምህርት ቤት በተዋሰው ወንበር በሚያስችልበት ዘመን፣ ተከሳሽ ሆኜ ነው።

የኩርሙክ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበርኩ። ከመንግሥት ለውጡ በኋላ ርክክብ ሲደረግ የፈተና ማባዣው ማሽን ጠፋ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ የነበረው በእኔ እጅ ነውና ተከሰስኩ።

ይልማ በዋስ እንድለቀቅ አመለከተ። ዐቃቤ ሕጉ ተቃወመ፤ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ተከሳሹ የሚኖረው ድንበር ላይ ነው። ሱዳን ለመግባት መኪና እንኳ አያስፈልገውም።»

ይልማ ቀስ ብሎ ተነሣ፤ «እንግዲያው የኩርሙክን ሰው በሙሉ እንሰረው እንዴ?»

ታዳሚው ሳቀ። ዳኛው አልሳቁም። እኔም አልሳቅሁም።

ዋስ የሆኑኝ የተማሪዬ አባት፣ ባለ ሱቁ ሐጂ ሙሳ ናቸው። «ኡስታዝ አይጠፋም። ሱቅ የኔ ይያዝ፣ እሱ ይመጣል» አሉ፤ ኡስታዝ የሚሉት መምህርን ነው። ተለቀቅሁ።

ይልማ በዋስ ያስለቀቀውን ሰው ሁሉ የሚያስገድድበት አንድ ደንብ ነበረው፤ የቀጠሮው ዋዜማ እሱ ግቢ ይታደራል። የክረምት መንገድ አይታመንም፣ ፍርሃቱን ታቅፎ ብቻውን የሚያድር ሰውም አይታመንም ባይ ነበር። «ዋዜማዋ የእኔ ናት» ይላል።

የእኔ ዋዜማ ደረሰች። «ነገ ከችሎት ቀጥታ ወህኒ ነው የምትወርደው» አሉኝ ኩርሙክ ያሉ ወዳጆቼ። አንዱ ድንበር የሚሻገር የጭነት መኪና በጣቱ አሳየኝ። ዘወር ስል ሐጂ ሙሳ፣ እንደ ሁልጊዜው፣ የሱቃቸውን በር ሲከፍቱ አየሁ። አሶሳ በሚሄደው መኪና ተሳፈርኩ።

ጭቃ ይዞን አመሸን። ይልማ ካፖርቱን ደርቦ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር።

«መጣህ?»

«መጣሁ።»

«እኔ እኮ ካንተ ብሼ ስፈራ ዋልኩ።» እጄን ጨብጦ አልለቅ አለ። በችሎት ፊት ድምፁ እንኳ የማይሰበረው ሰው!

«ደግሞ አንተ ምን ያስፈራሃል?»

«ብትቀርብኝስ? ከእንግዲህ ከኩርሙክ ለሚመጣው ተከሳሽ ዋስትና ለመጠየቅ ምን አፍ አለኝ? ይልቅ ግባ፣ እራቱ ቀዝቅዟል።»

ያን ሌሊት ሁለታችንም አልተኛንም። ጠዋት ስሜ ሲጠራ ግን «አቤት» አልኩ። ቆይቶም በነፃ ተሰናበትኩ።

ይልማ ወንድሜ፣ ነገ ቀብርህ ነው። አሁን ከምኖርበት ከባምባሲ ልነሣ ነው። እንደዚያን ቀኑ እየፈራሁ ነው የምመጣው፤ መንገዱን ሳይሆን፣ አንተ የማትቆምበትን ደጃፍ። ሐጂ ሙሳም በልጃቸው ተደግፈው ከኩርሙክ ተነሥተዋል። ግቢህ እናድራለን፤ ብቻህን አናሳድርህም።

የዛሬዋ ዋዜማ የእኛ ናት።