የወይዘሮ ብርቅነሽ ኢሜይል ከየት ተከፈተ?

ሰኞ ጠዋት ነው። ሀዋሳ፣ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ በምሠራበት ጊዜ... ስማርት ስልክ የያዘ ሰው ገና በጣት በሚቆጠርበት፣ የሐሙስ የሠራተኞች ግምገማ ደግሞ በማይቀርበት ዘመን።

የኮሌጁን የኢሜይል ሰርቨር የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ሰርቨሩ ማን፣ መቼ፣ የት አገር ሆኖ ኢሜይሉን እንደከፈተ ይመዘግባል። ያን ቀን መዝገቡን ሳገላብጥ ዓይኔ አንድ መስመር ላይ ተተከለ። ወይዘሮ ብርቅነሽ... እሁድ ከሰዓት... ደቡብ አፍሪካ።

ወይዘሮ ብርቅነሽ የሬጅስትራሩ ጸሐፊ ናቸው። የሆሳዕና ሰው፣ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ቁጥብ ሴት። መምህራኑ የማጠቃለያ ፈተና የሚልኩት ወደ እሳቸው ኢሜይል ነው። ፈተናው ሊሰጥ ደግሞ አንድ ሳምንት ነበር የቀረው።

አትሜ በሩጫ ለዲኑ ወሰድኩለት። እውነቱን ልናገርና፣ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ... ሌባ የያዝኩ መስሎኝ።

ዲኑ ወረቀቱን አየና ቀና አለ። «ወንድማቸው ደቡብ አፍሪካ አይደል እንዴ ያለው?»

ነው። እዚያ ሱቅ አለው። ኮሌጁ በሙሉ ያውቃል።

ወዲያው ተጠሩ።

«እሁድማ እዚሁ ከተማው ዳር፣ ቱላ ነበርኩ» አሉ። «ቤት እያሠራሁ አይደል? ጭቃ ሲለጠፍ ቆሜ ነው የዋልኩት። ኢሜይሉንም እዚያው ሆኜ በስልኬ ከፍቻለሁ።»

«ወረቀቱ ግን ደቡብ አፍሪካ ነው የሚለው» አለ ዲኑ። «ፓስወርዱን ለወንድምዎ ሰጥተውታል?»

«ኧረ እኔ ራሴም አላውቀው!» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ስልኬ ላይ ያስገባኸው አንተ አይደለህ? ንገረው እንጂ!»

እውነታቸውን ነበር። ፓስወርዱን ራሴ ፈጥሬ፣ ራሴ ጽፌ ነው ያስገባሁላቸው። ግን ወረቀቱን ይዤ የሮጥኩትም እኔው ነኝ... አሁን ምን ልበል?

«እኔ ሰርቨሩ የጻፈውን ነው ያመጣሁት» አልኩ።

የቢሮ ቁልፋቸውን አስረክበው እስከ ሐሙስ ቤታቸው እንዲቆዩ ተነገራቸው። ሐሙስ ግምገማው ላይ ጉዳያቸው ይታያል ተባለ። ሲወጡ ፊቴን እንኳ አላዩም።

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። መቀመጥ አልቻልኩም። ቢሮ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፣ ኮሪደሩን እለካለሁ። ማክሰኞ ምሳ ላይ የሥራ ጓደኞቼ ዓሣ እንብላ ብለው ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወሰዱኝ። እዚያ አንዱ «ሴትየዋ ለካ ስንት ዓመት ፈተና እያሾለከች ስታወጣ ኖራለች!» አለ። ስንት ዓመት? እኔ ያተምኩት አንድ መስመር ነው እኮ...

ረቡዕ አላስቻለኝም። ታቦር ሰፈር ካለው ቤቴ እንደወጣሁ ወደ ሥራ መሄዱን ትቼ ባጃጅ ይዤ ቱላ ሄድኩ። ጠያይቄ አገኘኋቸው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው፣ ጭቃ የሚለጥፉትን ሰዎች «እዚህ ጋ ሳሳ!» እያሉ ያዛሉ።

«ምነው? ሌላ አገር አገኘህልኝ?» አሉኝ።

እሳቸው እሁድ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሜ የራሴን ኢሜይል በስልኬ ከፈትኩ። ከቢሮ ውጭ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ከዚያ ቢሮ ላለው ባልደረባዬ ለኤርሚያስ ደወልኩ።

«ኤርሚ፣ መዝገቡ ላይ የመጨረሻው መስመር ምን ይላል?»

«ያንተ ስም ነው» አለ። «አንተ... ደቡብ አፍሪካ ምን ትሠራለህ?»

ያገኘሁት ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢንተርኔት ላይ የገባ ስልክም ሆነ ኮምፒውተር የራሱ ቁጥር አለው። የትኛው ቁጥር የየትኛው አገር እንደሆነ የሚናገር ዝርዝር አለ፤ ሰርቨሩ የሚያነበው እሱን ነው። ቁጥሮቹ ግን ካንዱ አገር ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ ስለዚህ ዝርዝሩ በየጊዜው መታደስ አለበት። እኔ ሰርቨሩን ስተክል አንዴ አወረድኩት... ከሁለት ዓመት በፊት። ከዚያ ኔትወርክ ሲዘገይ፣ መብራት ሲጠፋ፣ ነገ አደርገዋለሁ ስል ረሳሁት። በመሃሉ የደቡብ አፍሪካ የነበረው ቁጥር ወደ እኛ አገር ሞባይል መጥቷል፤ የእኔ ሰርቨር ግን አልሰማም።

ሳስረዳቸው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ ወደ ሠራተኞቹ ዞረው «ሰማችሁ? ደቡብ አፍሪካ ነው ለካ የምትለጥፉት!» አሉ። ሰዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

«ነገ ሁሉም ባለበት ትናገራታለህ» አሉኝ። «ለዲኑ በጆሮው ሹክ ብለህ እንዳይሆን።»

ሐሙስ ግምገማው ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ስጨርስ ዲኑ መነጽሩን አወለቀ።

«ይህን ዝርዝር ማደስ የማን ሥራ ነበር?»

«የእኔ።»

ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ ለእሳቸው ቁልፋቸው ተሰጠ። ይቅርታ የሚል ቃል ከዲኑም አልወጣ፣ ምሳ ላይ «ስንት ዓመት» ሲል ከነበረውም አልወጣ። ከእኔም ቢሆን በዚያ ቀን አልወጣም... አፍሬ።

አርብ ጠዋት ወይዘሮ ብርቅነሽ ቢሮዬ መጡና ስልካቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ።

«ኢሜይሉን አጥፋልኝ። ከእንግዲህ ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ብቻ ነው የምከፍተው።»

«ወይዘሮ ብርቅነሽ... ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ።

«እሺ» አሉ። ምን ዓይነት እሺ እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

ስልኩን ሳነሳ ጎንበስ ብለው ጣቴን ተከታተሉ። «የወንድሜ ስልክ ቁጥርም እዚያው ውስጥ ነው ያለው... እሱን ደግሞ እንዳታጠፋብኝ።»

እንደዚያን ቀን ተጠንቅቄ የሰው ስልክ ነክቼ አላውቅም።