ማንም አላሳደደኝም

እናቴን ለምን አልነገርኳትም? ቀበሌውን መፍራቴ ይገባኛል፤ ጎረቤት መጠርጠሬም የዘመኑ ነገር ነው። እናቴ ግን ለማንም አሳልፋ የምትሰጠኝ ሴት አልነበረችም። ይህን ጥያቄ ይኸው እስከ ዛሬ ባገላብጠው መልስ አጣሁለት።

ከአሰላ የወጣሁት ጎህ ሲቀድ ነው። ጭላሎ በጉም ተሸፍኗል፤ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። እማዬ የለመንኳትን ጭኮ በጣሳ ጠቅጥቃ ሰጠችኝና፣ “አቦምሳ አክስትሽ ዘንድ ለመሰንበት ይኼ ሁሉ ስንቅ?” አለችኝ።

“ቆላ አይደል? ገብስ የላቸውም።”

ፊቴን አየችው። “የሚያሳድድሽ ሰው አለ?”

“ማን ያሳድደኛል!” አልኳትና ቦርሳዬን አነሳሁ። የአቦምሳውን አውቶቡስ ትቼ ወደ በቆጂ በሚወጣ የጭነት መኪና ተሳፈርኩ።

ያን ጊዜ ጴንጤ መባል ስድብ ብቻ አልነበረም፤ ያሳስር ነበር። ስለዚህ የምንሰበሰበው ልደት ነው እያልን ነበር። ዳቦ ይቆረሳል፣ ራዲዮኑ በአብዮት መዝሙር ይጮሃል፣ እኛ ከሥሩ እናንሾካሹካለን። አንድ ቀን የቀበሌው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ፣ “ይህ ልጅ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ነው የሚወለደው?” አለ። የቤቱ እመቤት፣ “አልጠነክር ብሎን ነው፣ ጓድ። ግባና ዳቦ ቅመስ” አለችው። ገባ፣ በላ፣ መርቆ ሄደ። በሳምንቱ ሁለት ወንድሞች ተወሰዱ። ማን እንደጠቆመ አልታወቀም። ከዚያ ወዲያ ስንጸልይ እንኳ ዓይናችንን መጨፈን ተውን፤ እርስ በርሳችን እየተያየን ነበር አሜን የምንለው። የእኔም ስም መነሳቱን ስሰማ ነው አገር ለመልቀቅ የቆረጥኩት።

እስከ ሞያሌ በጭነት መኪና፣ ድንበሩን ደግሞ ከከብት ነጋዴዎች ኋላ ኋላ በእግር አለፍኩ። ናይሮቢ ጠዋቷ የአሰላን ጠዋት ይመስላል። ኡጋሊ የሚሉት ገንፏቸው ግን መሃሉ ለቅቤ አልተጎደጎደም፤ በርበሬ የሚባል ነገርም አያውቅም። ከሁሉ የገረመኝ፣ ሰው አውቶቡስ ውስጥ ቆሞ ስለ ኢየሱስ ይሰብካል፣ የሚይዘው የለም! እኔ እንዲህ ያለ ሰው ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማየው ጫማውን ነበር፤ አገሬ ካድሬን የምለየው በሚያብረቀርቅ ጫማው ነበርና። አከራያችን ማማ ዋምቡይ ገና በገባሁ ሰሞን “ኡሜኦኮካ?” አለችኝ፤ ድነሻል ወይ ማለቷ ነው።

“እኔ ተከራይ ብቻ ነኝ” አልኳት።

“ጌታም እኮ ተከራይ ይቀበላል!” ብላ ሳቀች። ማን ልኳት ይሆን እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

ክፍሉን የምትጋራኝ ዘይነባ የምትባል፣ ካገራችን ከዴራ ከተማ የመጣች የነጋዴ ልጅ ነበረች። ከውትድርና የሸሸ ወንድሟ የት እንደተደበቀ ሳይቀር ያልነገረችኝ የለም። ስትሰግድም አጠገቤ ምንጣፏን ዘርግታ ነው። እኔ ግን ውሃ ልትቀዳ እስክትወጣ ጠብቄ፣ መስኮት ዘግቼ እጸልይ ነበር።

የስደተኞች ቢሮ አብረን ሄድን። አስተርጓሚው ያገሬ ሰው ነው፤ ጫማው ያብረቀርቃል። ሹሙ፣ “ማን አሳደደሽ?” አለ።

“ማንም አላሳደደኝም። ለመማር ነው የመጣሁት።”

“በዚህ ዕድሜሽ?”

“ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ዘግይቻለሁ።”

“እመቤት፣ ይህ የስደተኞች ቢሮ ነው፤ የማታ ትምህርት ቤት አይደለም” ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ። ዘይነባ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ሁሉንም ሰምታለች። ቤት እንደገባን ልብሷን በነጠላ ትቋጥር ጀመር።

“ወዴት ነው?”

“ካንቺ ጋር አላድርም።”

“ምን አደረግኩሽ?”

“ወላሂ ብርቄ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። ማንም አላሳደደሽም፣ ግን መጣሽ። ስወጣ ጠብቀሽ መስኮት ትዘጊያለሽ፤ ብቻሽን ስታንሾካሽኪ ከደጅ እሰማሻለሁ። የወንድሜን መደበቂያ ነግሬሻለሁ እኮ! ለማን ነው የምታቀብዪው?”

እኔን! ጠቋሚ! መጀመሪያ ሳቅ መጣብኝ። በናይሮቢ ያለችኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። በሩን አየሁት፣ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማማ ዋምቡይ ግቢው ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ልዘጋው እጄን ዘረጋሁና ተውኩት።

“ጴንጤ ነኝ” አልኳት።

“ይኸው ነው?”

“ይኸው ነው።”

“ያ ረቢ! ለዚህ ነው ቤቱን ምድጃ አድርገሽ የምትጠብቂኝ?” ብላ ቋጠሮዋ ላይ ዘጭ አለች። ቀና ብላም፣ “እስቲ ንገሪኝ፣ ምን አግኝተሽበት ነው?” አለችኝ።

ለዚህ አልተዘጋጀሁም። ያን ሁሉ ዓመት አጥርቼ ያጠናሁት መካዱን ነው። ጥቅስ ፈለግኩ፣ አንድም አልመጣልኝም። የመጣልኝ አንድ የበረዶ ቀን ነው። “አሰላ ከገበያ ስመለስ በረዶ ያዘኝ” አልኳት። “ያገኘሁትን በር ገፍቼ ገባሁ። ሰዎች ተሰብስበዋል፤ ሲያዩኝ ጸጥ አሉ። የቀበሌ ሰው መስያቸዋለሁ። አንድ ሽማግሌ ግን ካግዳሚው ፈቀቅ አሉና፣ ‘ነይ ልጄ፣ በስብሰሻል፣ እዚህ ተቀመጪ’ አሉኝ።”

ዘይነባ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ ትሰማኛለች።

“እሺ፣ ከዚያስ?” አለችኝ።