አጥብቄ እና የሞተሩ ካውቾ

የእህቴን ባል ሰፈሩ ሁሉ «አጥብቄ» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት እህቴ ናት። ዕድሜውን ሙሉ ቧንቧ ሲዘረጋ የኖረ ሰው ነው፤ የቧንቧ ሠራተኛ ደግሞ የላላ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። በቤቱ ክዳን ያለው ነገር ሁሉ አንዴ በእሱ እጅ ካለፈ ሌላ ሰው አይከፍተውም። የስኳሩን ጣሳ፣ የዘይቱን ጠርሙስ፣ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ሳይቀር ጥርሱን ነክሶ ነው የሚያጠብቀው። እህቴ ከወጥ ቤት «አጥብቄ! ና ክፈት!» ብላ ስትጮኽ እጁን በሱሪው እየጠረገ፣ ፈገግ ብሎ ይመጣል።

«ምን እንዲህ ያስጠብቅሃል?» ስትለው፣

«እንድትጠሪኝ ነዋ» ይላል።

ሲኳረፉ እንኳ ኩርፊያቸው ከስኳሩ ጣሳ አያልፍም ነበር፤ ሻይ መጠጣት አይቀር።

እህቴ ስትታመም በሽታው አጥንቷ ውስጥ ገባ። ሐኪሙ በየሳምንቱ እየመጣች እንድትታከም፣ ካቋረጠች ግን ተስፋ እንደማይኖራት ቁርጡን ነገራቸው። ሐኪም ቤቱ ሩቅ ነው። የአጥብቄ መኪና ደግሞ አራቱም ጎማው የሚጎትት፣ ያረጀ ከባድ መኪና ነው፤ መብራት ላይ ሲቆም ወንበሩም መሪውም መስኮቱም ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ከሕክምና ሲመለሱ ከመኪናው ለመውረድ አቅም አጣች። ተሸክመን አስገባናት። አልጋው ላይ እንደተጋደመች «ከእንግዲህ አልሄድም፤ ሞቼ ልረፍ» አለች።

አጥብቄ አጠገቧ ቁጢጥ አለ። «ምኑ ነው እንዲህ የጎዳሽ? መኪናው ነው?»

እህቴ ለጥቂት ጊዜ ፊቱን አየችው። «አዎ፣ መኪናው ነው» አለች። «ንዝረቱ አጥንቴ ድረስ ይገባል።»

«እንግዲያስ እሱን ለእኔ ተይው!»

ፊቱ በራ። ሚስቱ ታማ የምን ደስታ ነው ብዬ ተናደድኩበት። እኔ ታናሽ ወንድሟ ነኝ፤ ትዳር የለኝም፤ ስለዚህ በሰው ትዳር ለመናደድ ሰፊ ጊዜ አለኝ።

የንዝረቱ ምክንያት የሞተሩ ካውቾ ነበር። ሞተር ብረት በብረት ላይ ሆኖ አይቀመጥም፤ በመካከል ወፍራም ጎማ አለ፤ መንቀጥቀጡን የሚውጠው እሱ ነው። የአጥብቄ መኪና ካውቾዎች ተሰነጣጥቀው አልቀዋል፤ አንዱማ ለሁለት ተከፍሏል። ጋራዥ ውሰደው ስለው «ሚስቴ የምትቀመጥበትን መኪና ሌላ ሰው አይነካውም» አለኝ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ ተውኩት።

መኪናውን ግቢ ውስጥ፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት በኩል አቆመው። እህቴ ትራስ አስደርባ፣ መስኮቱን አስከፍታ ታየን ነበር። አጥብቄ ክሪኩን ከሞተሩ ሥር አስገባ፤ ብረቱ የዘይቱን ገንዳ እንዳይጎዳው ጣውላ አደረገበት፤ ሞተሩን ቀስ አድርጎ ከፍ አደረገና አሮጌዎቹን ካውቾዎች መፍታት ጀመረ። የላይኞቹ እሺ አሉት። የታችኛው ግን ለኋላ ጎማዎች ኃይል የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ በዚያ ስለሚያልፍ እጅ አያስገባም። በጀርባው ተንጋሎ፣ የዝገት ብናኝ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ከብሎኑ ጋር ሲታገል ዋለ። እኔ ቁልፍ አቀባይ ነበርኩ። ስለ መኪና የማውቀው በር መዝጋት ብቻ ነው፤ እሱንም ሁልጊዜ እየተሰደብኩበት።

«ይሄን አይደለም፣ ትልቁን!» አለኝ ከሥር።

«ትልቁ ይኸው ነው፣ ጋሼ።»

«አንተን ያሳደገች እህትህ በሰማይ ቤት ወንበር ተይዞላታል!»

እህቴ መስኮቱ ጋ ሆና ሳቀች። ሳቋ ወዲያው ወደ ማቃሰት ተለወጠ፤ ሁለታችንም ያልሰማን መሰልን።

አዲስ ካውቾ ባስገባ ቁጥር ብሎኑን እዚያው፣ እስከ መጨረሻው ያጠብቃል። ጉልበት እንዲሆነው ቁልፉ ላይ ቁራጭ ቧንቧ ሰክቶ፣ የአንገቱ ደም ሥር እስኪገተር ይጫነዋል። ሲጨርስ ክሪኩን አወጣ፤ ኮፈኑን ዘጋ፤ ላዩ ላይ ውሃ የሞላ ብርጭቆ አስቀመጠና ሞተሩን አስነሣ። ብርጭቆው እየተንቀጠቀጠ ጠርዝ ድረስ ሄዶ ወደቀ። ከበፊቱ የባሰ ሆነ።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አለች እህቴ።

 አጥብቄ ጎማውን ተደግፎ መሬት ተቀመጠ። ቀጠሮዋ ደርሶ ነበር። በኋላ ካውቾውን የሸጠለት መካኒክ ጋ ደወለ፤ ስልኩ ጮክ ብሎ ስለሚያወራ እኔም ሰማሁት።

«ብሎኖቹን መቼ አጠበቅካቸው?»

«እንዳስገባሁ ነዋ፤ አንድ በአንድ።»

«ሞተሩ ክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ?» ሳቀ መካኒኩ። «ጋሼ፣ ይሄ ቧንቧ አይደለም እኮ። መጀመሪያ አላልተህ ተወው። ሞተሩ በራሱ ክብደት ይቀመጥ፤ ቦታውን ራሱ ይፈልግ። ያንተ መኪና ደግሞ የኋላውም ስለሚጎትት ያ ዘንግ ይስበዋል፤ ያለቦታው ካሰርከው ሰላም አይሰጥህም። ሁሉም ቦታውን ሲይዝ ታጠብቃለህ። በልኩ!»

አጥብቄ ስልኩን ዘግቶ «አላልቼ እንዴት ነው የምተወው?» አለ፣ እኔን የሚጠይቅ ይመስል። ግን ተነሣ። ብሎኖቹን ሁሉ አላላ። ሞተሩን አስነሣ፤ መኪናውን ትንሽ ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ አለው፤ አጠፋና ጥቂት ጠበቀ። ከዚያ ያለ ቁራጭ ቧንቧው፣ በእጁ ብቻ አጠበቀ። ሌላ ብርጭቆ አመጣሁለት። ሞተሩ ተነሥቶ ውሃው ንቅንቅ አላለም።

«እይው! እይው እንጂ!» እያለ መስኮቱ ሥር ዘለለ። እህቴ በሁለት እጇ አጨበጨበችለት።

ሐኪም ቤት ስንሄድ እኔ ከኋላ ነበርኩ። መብራት ያዘን። ሞተሩ ከዝምታው የተነሣ የጠፋ መሰለኝ። አጥብቄ ሊኮራ ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ ዓይኗን ጨፍና፣ የበሩን እጀታ ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ ነበር። ግንባሯን ላብ አጥምቆታል። ንዝረት የሚባል ነገር የለም፤ ሕመሙ ግን እንዳለ ነው። ያኔ ገባኝ፤ እሱም ገባው። ድሮም መኪናው አልነበረም። እሷን ማዳን ለማይችል ባሏ፣ ሊጠግነው የሚችል ነገር ሰጥታው ነው።

ዓይኗን ስትከፍት ሲያያት አገኘችው። ፈገግ አለች። «ምንም አይነዝርም። እጅህ ይባረክ።»

«አዲስ ስለሆነ ነው እንጂ ገና… ገና ይለሰልሳል» አለ። 

«አዎ፣ ይለሰልሳል» አለች።

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ጥሩምባ ቢነፋም ቶሎ አልተንቀሳቀሰም።

ከዚያ በኋላ ሕክምናውን አላቋረጠችም፤ ስለ መኪናውም አንዴ አላማረረችም። እንዲያም ሆኖ አልዳነችም። ቀበርናት።

ሐዘንተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ አጥብቄን ልጠይቀው ሄድኩና ሻይ አፈላሁ። የስኳሩን ጣሳ እንደ ልማዴ በክዳኑ ይዤ ባነሣው፣ ክዳኑ እጄ ላይ ቀረና ጣሳው ወደቀ። ስኳሩ ወለሉን ሞላው።

«ጋሼ! ምነው ይሄን ክዳን ሳታጠብቀው ተውክ?» ብዬ ጮኽኩ።

መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። የተበተነውን ስኳር አየው።

«ማን ሊጠራኝ?» አለ።