ታይሉ ከጡቡ የሚገናኝበት ጥግ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ሁልጊዜ የተኛ ሰው ነበር። እማዬ ሆስፒታል የምትሠራው ሌሊት ስለሆነ ቀን ትተኛለች። አባዬ ደግሞ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከንጋት ጀምሮ ሠርቶ፣ ኦቨርታይም ጨምሮ፣ ማታ ይገባና እራቱን እንደበላ ሶፋው ላይ ያንቀላፋል። ወንድምም እህትም የለኝም። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን በር ላይ አውልቄ በካልሲ ነበር የምሄደው። ቲቪ ያለ ድምፅ ማየት፣ ሲሪያል ከካርቶኑ ሳይንኮሻኮሽ ማውጣት፣ ማስነጠስ ሲመጣብኝ ትራስ ውስጥ ማስነጠስ እችልበት ነበር። ወላጆቻችሁ ሺፍት የሚቀያየሩ ልጆች ይሄን ችሎታ ታውቁታላችሁ፤ ማንም አያስተምራችሁም፣ ዝም ብሎ ይመጣል።

ቤታችን ላስ ቬጋስ፣ ዊንቸስተር የሚባለው ሰፈር ያለ አሮጌ የጡብ ቤት ነው። የእኔ ክፍል ግን ጡብ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት በጎን በኩል በእንጨት ቀጥሎ ሠርቶት፣ ውጪውን በቀይ የሸክላ ታይል እንደ ዓሣ ቅርፊት ደራርቦ አልብሶታል። ታይሉ ከአሮጌው የጡብ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ከላይ እስከ ታች ቀጭን ክፍተት ነበረው። የዚያ ክፍተት ውስጠኛው ጎን ደግሞ የእኔ አልጋ ራስጌ ነው። እኛ ጋ ዝናብ በዓመት ስንቴ ነው የሚመጣው? ግን የሐምሌው ሲመጣ ከላይ አይወርድም፤ ንፋስ እየገፋው በጎን ይመታል። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ክረምት ጥጉ ላይ ቡናማ ካርታ የመሰለ ነገር ወጣ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ፤ የራሰ ካርቶንና የሳንቲም ሽታ ነው። በረሃ ላይ ላደገ ልጅ እርጥበት ብርቅ ነው፤ አፍንጫዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ እተኛ ነበር።

አባዬ ሁለት ጊዜ ሲሊኮን ገዝቶ ክፍተቱን ደፈነው። ፀሐይዋ ሁለቱንም ጊዜ ሰነጣጠቀችው። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያናችን የሚመጡትን ጋሽ ታምራትን ለመነ። ጋሽ ታምራት ድሮ ግንበኛ ነበሩ፤ እዚህም መጥተው ጉልበታቸው እስኪደክም ድረስ ጣሪያ ሲሠሩ ኖረዋል። ግድግዳው ሥር ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ብዙ አዩና፣

"ደረጀ፣ ቤት ነው ወይስ የልደት ኬክ ነው የቀባኸው?" አሉት።

"ጋሼ፣ መድፈኛ ነው እኮ፤ ሻጩ የሃያ ዓመት ዋስትና አለው ብሎኛል።"

"ለሃያ ዓመት ጥላ ሥር ለሚቀመጥ ይሆናል። እንጨቱና ጡቡ በፀሐይ እኩል አይነፉም፣ በብርድ እኩል አይኮማተሩም። አንተ ደግሞ በሙጫ አጋብተሃቸዋል። ውሃን አትከልክለው፤ መንገድ ስጠውና ይሂድልህ።"

አባዬ የሚያርፈው ሰኞ ብቻ ነበር፤ ያንንም ብዙ ጊዜ ኦቨርታይም ይይዝበታል። ለዚህ ሥራ ግን ሁለት ሰኞ ተከታትሎ ቤት ዋለ። እማዬ በሁለቱም ቀን ለመተኛት ጓደኛዋ ቤት ሄደች። ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር እኔም አለሁ። የመጀመሪያው ሰኞ ጠርዝ ጠርዙን ያሉትን ታይሎች አንድ በአንድ አወረዱ፤ እኔ እየተቀበልኩ ሣር በሌለው ጓሯችን ደረደርኳቸው። በፀሐይ ግለው ስለነበር በአባዬ ጓንት ነበር የምይዛቸው፤ ጓንቱ እስከ ክርኔ ይደርሳል። ጋሽ ታምራት ረጅም ላሜራ አጠፉ። አንዱን ጎኑን ከታይሎቹ ጀርባ አስገቡት፤ ሌላውን ጎን በጡቦቹ መካከል በቆረጡት ስንጥቅ ውስጥ በሲሚንቶ ወተፉት። ጫፉን ደግሞ እንደ ቦይ ቀለበሱት። ውሃው ታይሉን አልፎ ቢገባ እንኳ ላሜራው ተቀብሎ ወደ ታች ሊያወርደው ነው። ታይሎቹን መልሰው ሲሰቅሉ ታች ያለውን አፍ ግን አልደፈኑትም። ለምን ብዬ ስጠይቃቸው "የገባ እንግዳ በምን ይውጣ፣ የኔ እናት?" አሉኝ።

ሁለተኛው ሰኞ የሙከራ ቀን ነበር። ዝናብ የሚጠበቅበት አገር ስላልሆነ ዝናቡን በውሃ ማጠጫ ጎማ ነው የሚሠሩት። አባዬ መሰላል ላይ ወጥቶ ውሃውን ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያጠጣል፤ ጋሽ ታምራት መሰላሉን ይይዛሉ፤ እኔ ክፍሌ ውስጥ ባትሪ ይዤ ጥጉን እጠብቃለሁ። አባዬ "ደረቅ?" ብሎ ይጮኻል፣ እኔ "ደረቅ!" እላለሁ። ጩኸቴ ለራሴም ገረመኝ። እዚያ ቤት ውስጥ በሙሉ ድምፄ ጮኼ አላውቅም ነበር። ደግሞም ግድግዳ ለሁለት ቢከፍለንም አባዬ በየደቂቃው እኔን እየጠራ መልሴን ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ለአንድ ነገር እንዲህ አስፈልጌው የማውቅ አልመሰለኝም።

ውሃው ግማሽ ላይ ሲደርስ አባዬ እየሳቀ "እንግዲህ ጋሼ፣ ዛሬ ካለቀልን የሚቀጥለውን ሰኞ ኦቨርታይም ልያዘው" ሲል ሰማሁት።

ብዙ አላሰብኩም። በካልሲ ወደ ኩሽና ሄጄ ከፍሪጅ የውሃ ጠርሙስ አመጣሁ፣ ጥጉ ላይ ከላይ ጀምሬ አንጠባጠብኩ፣ ጠርሙሱን ትራሴ ሥር ከተትኩና "እርጥብ!" ብዬ ጮህኩ።

የውሃው ድምፅ ቆመ። ከዚያ መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። አባዬ ገብቶ ግድግዳውን ሲያይ ትከሻው ወረደ። እኔን አላየኝም፤ ግድግዳውን ብቻ ነበር የሚያየው። "አልያዘም" አለ፣ ለራሱ። ታይሉን ሁሉ እንደገና ሊያወርድ፣ ላሜራውን ሊነቅል ነው። እጆቹ ባለፈው ሰኞ ሲሚንቶ ሲነካካቸው ውሎ ተላልጠው ነበር፤ ያኔ ነው ያየኋቸው።

ጋሽ ታምራት ቀስ ብለው ገቡ። መዳፋቸውን ጥጉ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ።

"ደረጀ፣ ያንተ ጎማ ውስጥ ያለው ውሃ ምን ይመስላል?"

"ምን ማለትዎ ነው? ያቃጥላል እንጂ። ብዙ ቢፈስ እንኳ ለብ ይላል እንጂ አይቀዘቅዝም።"

"ከውጪ የሻይ ውሃ አጠጣን፣ ከውስጥ የፍሪጅ ውሃ ወጣ። በስንት ዓመት ሥራዬ እንዲህ ያለ ላሜራ አልሠራሁም። በል እኔ መሰላሉን ልጠብቅ" ብለው ወጡ።

አባዬ ግድግዳውን ነካ። ከዚያ ትራሴን አየ። አንሶላው ላይ ጠርሙሱ አልቦት ክብ እርጥበት ሠርቷል። ተቆጥቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀመጠና በትንሽ ድምፅ "ለምን?" አለኝ። እኔም በቤታችን የሹክሹክታ ድምፅ "ካለቀ ትሄዳለህ" አልኩት።

አልጋው ከጎኔ በክብደቱ ረግቦ፣ ጉልበቴ ጉልበቱን ነክቶ እንደነበር አስታውሳለሁ። ከዚያ ተነሥቶ "ላይኛው ግማሽ ገና አልተሞከረም" አለና ወጣ። የቀረውን ሙከራ ጨረስን። ቀርፋፋ ሙከራ ነበር፤ "ደረቅ?" ይለኛል፣ "ደረቅ!" እለዋለሁ፤ ጥላው እስኪረዝም ድረስ።

የሚቀጥለውን ሰኞ ኦቨርታይም ያዘው። በልቤ አስቀርቼዋለሁ ብዬ ነበር፣ ግን አላስቀረሁትም። እማዬ ተኝታለች፣ እኔ ጥጉ ላይ ተቀምጬ ያን ግድግዳ አየሁት። ደረቅ ነገር እንደዚያ ቀን ጠልቼ አላውቅም። በሳምንቱ ሰኞ ግን አባዬ ከጋራዥ ጎማውን እየጎተተ ሲያወጣ በመስኮት አየሁ። እማዬ በር ላይ ቆማ "ደግሞ ምን ሊሆን ነው? አልቋል አላልክም?" ብትለው "ይሞከር" ብቻ አላት። ያን ክረምት፣ የሚቀጥለውንም፣ ባረፈበት ሰኞ ሁሉ ምንም የማያፈሰውን ግድግዳ ሞከርነው። ለመጨረሻ ጊዜ የሞከርነው መቼ እንደሆነ አላውቅም። የመጨረሻ መሆኑን የነገረን ሰው ስለሌለ አላየነውም።

አሁን አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ጋሽ ታምራት ልጃቸው ያለችበት ስቴት ሄደዋል። አባዬ ኖርዝ ላስ ቬጋስ መጋዘን ገብቷል፤ ሰኞ አሁንም ያርፋል፣ ግን ይተኛል፣ እኔም ኢርፎኔን አድርጌ በሬን እዘጋለሁ። ድሮ በካልሲ የምሄደው እንዳላነቃቸው ተጠንቅቄ ነበር፤ ዛሬ ሳላስበው እንደዚያው ነኝ። ቤቱ ከድሮው ይልቅ ጸጥ ብሏል፤ ያኔ ቢያንስ የምዋሽበት ነገር ነበረኝ።

ባለፈው ሐሙስ ዘነበ። ያ በጎን የሚመታው ዝናብ ነው። እማዬ ተኝታ ነበር፣ ስልኬ ጠራ። አባዬ ነው፣ ከሥራ፤ ከኋላው የዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ጡሩንባ ይሰማል። ሰላም እንኳ አላለኝም።

"ደረቅ ነው?"

መዳፌን ጥጉ ላይ አሳረፍኩ። ለብ ያለ፣ ደረቅ ግድግዳ ነው። አንድ ጠብታ የለበትም።

"ደረቅ ነው" አልኩት። ከዚያ "ላይኛውን ግማሽ ግን ከዚህ ሆኜ ማየት አልቻልኩም" አልኩት። ያ ክፍል ጣሪያው ዝቅተኛ ነው፤ ዛሬ እጄን ብዘረጋ እነካዋለሁ። እሱም ያውቃል።

ፎርክሊፍቱ ሁለት ጊዜ ጮኸ። "እንግዲያው ሰኞ እናየዋለን" አለ አባዬ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ወደ ኩሽና ሄድኩና አንድ ጠርሙስ ሞልቼ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። በሐምሌ ፀሐይ መሰላል ላይ የሚውል ሰው ይጠማዋል።