ከፓምፑ አጠገብ የሚቀመጠው ሰው

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራው የሰው ደም መጠበቅ ነው። ልብ ሲደክም ደሙን በወፍራም ቱቦ ከሰውነት እየሳበ፣ ኦክስጅን አስገብቶ የሚመልስ ማሽን አለ፤ እሱ ከዚያ ማሽን አጠገብ ይቀመጣል። በአንዱ ቱቦ ጠቆር ያለ ደም ይወጣል፣ በሌላው ደማቅ ቀይ ይመለሳል። የሁለቱ ቀለም ከተመሳሰለ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

አልጋው ላይ የተኛችው ወጣት መምህርት ናት። ጉንፋን ነው ብላ ሦስት ቀን አስተማረች፤ በአራተኛው ልቧ ተቆጥቶ መምታት አቃተው። ማሽኑ ላይ ከዋለች ስድስተኛ ቀኗ ነው። የልቧን ሥራ ፓምፑ ስለሚሠራላት፣ በስክሪኑ ላይ የደም ግፊቷ መስመር እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሏል። ማሽኑ ውስጥ ደም መርጋት ጀምሯል። ልቧ በቶሎ ካልነቃ ጊዜ የላትም።

ከሁለት ቀን በፊት መስመሩ ላይ ትንሽ ሞገድ አይቶ "ልቧ ነቃ!" ብሎ ጮኾ ነበር። ሰው ሁሉ እየሮጠ መጣ። ለካ ሞገዱ የእናትየው ኖሯል፤ የግፊት መለኪያው የገባበትን እጇን እያሻሹላት ነበር። ከዚያ ወዲህ ነርሱ "ነቢዩ" ይለዋል። እሱም አብሮ ይስቃል። የእናትየው ፊት በርቶ የጠፋበት ቅጽበት ግን ከዓይኑ አልሄደለትም።

"ነቢዩ፣ ዛሬስ ምን ተገለጠልህ?"

"ምላስህ እንደማያርፍ።"

ይህን ብሎ ዞር ሲል መስመሩ ተንቀሳቀሰ። እናትየው ያንኑ እጅ ይዘዋል።

"እናቴ፣ እጅዎን አንዴ ያንሱልኝ።"

"ምነው ልጄ፣ አጠፋሁ እንዴ?"

"ኧረ በጭራሽ። ለትንሽ ጊዜ ብቻ።"

አነሱ። ሞገዱ አልጠፋም። አልጋውን የሚነካ ነገር እንደሌለ አየ፤ እስከ ሁለት መቶ ቆጠረ። ከዚያ ነርሱን በሹክሹክታ፣ "ዶክተሯን ጥራልኝ፤ ሳትሮጥ" አለው።

ዶክተሯ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ የመምህርቷ ደረት ላይ አድርጋ ብዙ ቆየች።

"የልቧ ቫልቭ እየተከፈተ ነው። ፓምፑን ቀንስ፣ ቀስ እያልክ።"

በደቂቃ አራት ሊትር፣ ሦስት፣ ሁለት። በየደረጃው እያቆመ ጠበቀ። ስንት ጊዜ እዚህ ላይ ሲደርስ ግፊቱ አሽቆልቁሎበት ፓምፑን መልሶ ከፍ አድርጓል! የእነዚያን ሰዎች የአልጋ ቁጥር ዛሬም አይረሳም። አንድ ተኩል ሲደርስ ሞገዱ ጭራሽ ከፍ አለ።

"የማሽኑ ድምፅ ቀነሰብኝ!" አሉ እናትየው ደንግጠው።

"እኔ ነኝ የቀነስኩት፣ እናቴ። የቀረውን ልጅዎ ራሷ እየሠራች ነው።"

እናትየው ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ቱቦዎቹ የወጡት በማግስቱ ረፋድ ላይ ነው።